ልጅቱ ከተፈታች በኋላ፤ የ«አንድሮሜዳ» ትራዤዲ በየዘመኑና በየአገሩ

የጥንት ግሪኮች ኢትዮጵያን ስፍራ አድርገው ከደረሷቸው ቴያትሮች መካከል ስሙ ገንኖ የኖረው «አንድሮሜዳ» የተባለው ትራዤዲ ነው። በዚህ ስም ሶፎክሌስም ኤውሪፒዴስም ጽፈዋል፤ የኤውሪፒዴስ ድርሰት በአቴና ከተማ የታየው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ412 ዓመት ነበር። ዛሬ ግን ከሁለቱ አንዱን እንኳ በሙሉ ማንበብ አይቻልም። ተርፈው የደረሱን የተቆራረጡ ስንኞች፥ የኋላ ጸሐፊዎች ያቆዩልን ምስክርነትና በሸክላ ዕቃ ላይ የተሣሉ ሥዕሎች ናቸው። መጽሐፉ ሲጠፋ ግን ታሪኩ አልጠፋም፤ ከ2,400 ዓመት በላይ ከቋንቋ ወደ ቋንቋ፥ ከመድረክ ወደ ሥዕል፥ ከሥዕልም ወደ ልብ ወለድ ሲተላለፍ ኖሯል።

ስለዚህ ታሪክ ሲጻፍ አብዛኛውን ጊዜ የሚመረመረው ጀግናው ዘንዶውን እንዴት አድርጎ እንደ ገደለው ነው። በእኛ አስተያየት ግን ታሪኩን የተቀበለ ሕዝብ ሁሉ የራሱን አሳብ የገለጸበት ስፍራ ሌላ ነው። ዘንዶው በሁሉም ዘንድ ይሸነፋል፤ ልጅቱም በሁሉም ዘንድ ትድናለች። ልዩነቱ የሚታየው ከዚያ ወዲህ ነው። ከዳነች በኋላ ወዴት ሄደች? ማንስ ሆነች? ይህ ጽሑፍ የልዩ ልዩ ዘመናትን ድርሰቶች በዚህ ጥያቄ እየመዘነ፥ በመጨረሻ በአገራችን ከሚነገረው ከእቴዬ አዜብ ታሪክ ጋር ያስተያያቸዋል። ከክርስቶስ ልደት በኋላ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ስለ ስሙ

አስቀድሞ ስለ ኢትዮጵያ ስም ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። የጥንት ግሪኮች በዚህ ስም የሚጠሩት ፊታቸው በፀሐይ የጠቆረ ሰዎች የሚኖሩበትን፥ ከግብፅ በስተ ደቡብ ያለውን ሰፊ አገር ነበር፤ አንዳንድ ጊዜም ስሙን ወደ ምሥራቅ እስከ ሕንድ ያደርሱት ነበር። ብሉይ ኪዳንን ከዕብራይስጥ ወደ ጽርእ የመለሱ ሊቃውንትም ኩሽ የሚለውን በዚሁ ስም ተረጐሙት። በ4ኛው መቶ ዓመት የአክሱም ንጉሥ ዔዛና በሦስት ዓይነት ጽሕፈት ባስቀረጸው ድንጋይ ላይ ደግሞ፥ በግዕዙ በኩል «ሐበሣት» የተባለው በጽርኡ በኩል «ኢትዮጵያውያን» ተብሎ ይገኛል። ስሙ ከውጭ መጣ፤ የአገሩም ሰዎች ተቀብለው የራሳቸው አደረጉት።

ስለዚህ «አንድሮሜዳ ከነገሥታቶቻችን የአንዱ ልጅ ናት» ብሎ የሚከራከር ሰው ተረቱን ከታሪክ ይደባልቃል። «ነገሩ የግሪኮች ነውና አይመለከተንም» የሚለውም ቢሆን ስሕተቱ ከዚያ አያንስም። የአንድን አገር ስም የወረሰ ሕዝብ በዚያ ስም የተነገረውን ሁሉ መስማቱና መልስ መስጠቱ አይቀርምና።

የግሪኮቹ ድርሰት

ታሪኩ በአጭሩ እንዲህ ነው። የኢትዮጵያ ንጉሥ የኬፌዎስ ሚስት ካሲዮፔያ በውበት ከባሕር ልጃገረዶች እንበልጣለን ብላ ታበየች። የባሕሩ አምላክ ፖሴይዶን ተቈጥቶ ጎርፍና አውሬ በምድሪቱ ላይ ሰደደ። ንጉሡ ጠንቋይ ቢያስጠይቅ «ልጅህን ለአውሬው ካልሰጠህ አገርህ አይድንም» የሚል ቃል መጣለት፤ አንድሮሜዳም በባሕር ዳር በቋጥኝ ላይ ታሰረች። ከሩቅ አገር ጀብዱ ሠርቶ በአየር ሲመለስ የነበረው ፔርሴዎስ አያት፤ ወደዳትም። «አውሬውን ብገድል ልጅቱን ትሰጡኛላችሁ» ብሎ ቃል አስገብቶ ገደለው።

ኤውሪፒዴስ ይህን ታሪክ የጀመረበት መንገድ በዘመኑ ሰዎች ዘንድ አዲስ ነገር ነበር። መድረኩ ሲከፈት ሌሊት ነው፤ ልጅቱ ብቻዋን ታስራ ለሌሊቱ ታለቅሳለች፤ የሚመልስላትም የገዛ ድምፅዋ የገደል ማሚቶ ብቻ ነው። አባት ፈርዶባት፥ እናት አስፈርዳባት፥ ወገን ሁሉ አሳልፎ ሰጥቷት፥ ከራሷ ድምፅ በቀር ወዳጅ የሌላትን ሰው ለማሳየት ከዚህ የሚሻል ዘዴ ማግኘት አስቸጋሪ ነው።

ፍጻሜው ግን ሌላ ጥያቄ ያስነሣል። በጥንት ምስክሮች እንደ ተጻፈው አውሬው ከሞተ በኋላ ወላጆቿ ከእነርሱ ጋር እንድትቀር ቢለምኗት አንድሮሜዳ እምቢ ብላ ከፔርሴዎስ ጋር ወደ አርጎስ ሄደች። አሳልፈው የሰጧትን ወላጆች ትታ ያዳናትን መከተሏ በግሪካዊው ተመልካች ፊት የሚያስመሰግናት ነው፤ ኤውሪፒዴስም ምርጫውን ለእርሷ መስጠቱ ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን ምርጫዋ አንድ መንገድ ብቻ ያለው ነው። አገሯ የመከራዋ ስፍራ ሆኖ ይቀራል፤ ክብሯ የሚጀምረው ከአገሯ ስትወጣ ነው። ሄሮዶቶስ ደግሞ ወንድ ልጅ ላልነበረው ለኬፌዎስ ፔርሴዎስ ፔርሴስ የተባለውን ልጁን እንደ ተወለትና ፋርሶች ስማቸውን ከዚህ ልጅ እንዳገኙ ይጽፋል። በዚህ ዓይነት አንድሮሜዳ ለግሪኮችም ለፋርሶችም አያት ስትሆን፥ ለተወለደችበት አገር ግን ምንም ሳትሆን ቀረች።

ድርሰቱ በሕዝቡ ልብ ምን ያህል እንደ ገባ ከዘመኑ ቀልድ ይታወቃል። ቴያትሩ በታየ በዓመቱ አሪስቶፋኔስ በአንድ ኮሜዲ ላይ የሴት ልብስ የለበሰ ሽማግሌ በሳንቃ ላይ አሳስሮ፥ የአንድሮሜዳን ልቅሶ አስለቅሶ፥ ኤውሪፒዴስን ራሱን እንደ ፔርሴዎስና እንደ ገደል ማሚቶ አድርጎ ሲያመጣው አቴናን አሳቀ። በ405 ዓመትም «እንቍራሪቶች» በተባለው ድርሰቱ ዲዮኒሶስ የተባለው አምላክ በመርከብ ላይ «አንድሮሜዳ»ን ሲያነብ በኤውሪፒዴስ ናፍቆት እንደ ተያዘ ይናገራል። ታላቁ እስክንድርም በመጨረሻው ግብዣው ላይ ከዚሁ ትራዤዲ አንድ ክፍል በቃሉ እንዳነበነበ የሚናገሩ አሉ። ሉኪያኖስ የተባለው ጸሐፊ ደግሞ የአብዴራ ከተማ ሰዎች በበጋ ትኵሳት ቀን ይህን ቴያትር አይተው በንዳድ ታመው፥ ብርድ እስኪመጣ ድረስ በየመንገዱ ስንኞቹን ሲዘምሩ እንደ ሰነበቱ እያፌዘ ይተርካል።

መልኳ

ታሪኩ በኢትዮጵያ ሆነ ከተባለ የልጅቱ መልክ እንዴት ያለ ነበር? ይህ ጥያቄ ከጥንት ጀምሮ ሠዓሊዎችንና ባለ ቅኔዎችን አስጨንቋል። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ5ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ በአቴና የተሣሉ የሸክላ ማድጋዎች አሉ፤ ሊቃውንት ከሶፎክሌስ ቴያትር ጋር ያያይዟቸዋል፤ ከእነርሱም አንዱ በቦስተን ሌላው በለንደን ቤተ መዘክር ይገኛል። በእነዚህ ሥዕሎች ልጅቱ የምትታሰረው በቋጥኝ ላይ ሳይሆን በተተከለ ግንድ ነው። ግንዱን የሚተክሉትና የሚያስሯት አገልጋዮች በመልካቸው አፍሪቃውያን ናቸው፤ እርሷ ግን የምሥራቅ ነገሥታትን ልብስ ለብሳ ፊቷ የግሪካዊት ነው። እንግዲህ ሠዓሊው ኢትዮጵያን አውቋታል፤ ነገር ግን ኢትዮጵያዊ መልክን ለአሳሪዎቹ ሰጥቶ ተመልካቹ የሚያዝንላትን ልጅ ከራሱ ወገን አደረጋት።

የሮማው ባለ ቅኔ ኦቪድ በዚህ ነገር ሁለት ልብ ነበረው። በአንድ ድርሰቱ አንድሮሜዳ በአገሯ መልክ ጠይም እንደ ነበረችና ፔርሴዎስም በዚህ መልኳ እንደ ወደዳት ይጽፋል፤ በሌላው ድርሰቱ ግን ታስራ ሲያያት ከእብነ በረድ የተሠራ ሐውልት መስላ ታየችው ይላል። የኋላው ዘመን የተከተለው ሁለተኛውን ነው። በ16ኛው መቶ ዓመት ቲሲያን፥ በ17ኛውም ሩበንስ የሣሏት አንድሮሜዳ ነጭ ናት። በፓሪስ ኮርኔይ በ1650 ዓመት ባሳየው ቴያትር፥ ሉሊም በ1682 ዓመት ባቀረበው ኦፔራ፥ ዋናው ነገር ጀግናውን በአየር የሚያስኬደው የመድረክ መሣሪያ ሆነ፤ የኮርኔይ ድርሰት ከመጀመሪያውም የታሰበው ጣሊያናዊው ቶሬሊ የሠራው መሣሪያ እንዲታይበት ነበር። በሁለቱም ፍጻሜ ልጅቱ ከፔርሴዎስና ከወላጆቿ ጋር ወደ ሰማይ ትወጣለች። «ወዴት ሄደች?» ለሚለው ጥያቄ ፓሪስ የሰጠችው መልስ «ኮከብ ሆነች» የሚል ነው። መልሱ ያማረ ነው፤ ነገር ግን ኮከብ የሆነ ሰው ከማንም ጋር አይጣላም፥ ማንንም ይቅር አይልም። የኤውሪፒዴስ ልጃገረድ ቢያንስ ከአባቷ ጋር ተከራክራ ነበር።

ወደ አገሯ የተመለሰችው

ታሪኩን ገልብጦ የጻፈው የሶርያ ሰው ሄሊዮዶሮስ ነው። በ3ኛው ወይም በ4ኛው መቶ ዓመት የጻፈው «አይቲዮፒካ» ማለት «የኢትዮጵያ ነገር» የተባለው መጽሐፉ ቴያትር ሳይሆን በዐሥር ክፍል የተደረሰ ልብ ወለድ ነው፤ ቢሆንም ደራሲው ነገሩን በመድረክ ላይ እንደሚታይ አድርጎ ደጋግሞ ይገልጸዋል። የኢትዮጵያ ንግሥት ፔርሲና በፀነሰች ጊዜ በእልፍኟ ግድግዳ ላይ የተሣለችውን የአንድሮሜዳን ሥዕል ትመለከት ስለ ነበር ነጭ ልጅ ወለደች። ባሏ እንዳይጠረጥራት ፈርታም በአገሩ የነገሥታት ፊደል ነገሩን በመቀነት ላይ ጠልፋ ልጅቱን አስጣለቻት። ካሪክሊያ የተባለችው ይህች ልጅ በግሪክ አገር አድጋ፥ ብዙ መከራ ተቀብላ፥ በመጨረሻ ምርኮኛ ሆና ወደ ሜሮዔ ትመጣለች። ያን ጊዜ የገዛ አባቷ ንጉሥ ሂዳስጴስ ለአማልክት ሊሠዋት ሲዘጋጅ በመቀነቱ፥ በሥዕሉና በክንዷ ላይ ባለው ጥቁር ምልክት ማንነቷ ታወቀ። በዚያም ቀን ሰውን መሠዋት ከአገሩ ተሻረ።

ሄሊዮዶሮስ ያደረገውን ማስተዋል ይገባል። የኤውሪፒዴስ ልጅ ከመሥዋዕት ድና ከአገሯ ወጣች፤ የሄሊዮዶሮስ ልጅ ከአገሯ ወጥታ ኖራ፥ ተመልሳ በመሥዋዕቱ ስፍራ ዳነች፥ ሕጉንም አስለወጠች። የነጭ ልጅ መወለድ ምክንያት ተደርጎ የቀረበው ሥዕልም የማድጋ ሠዓሊዎችን አሮጌ ልማድ የሚያስታውስ ነው፤ አንድሮሜዳ ነጭ የሆነችው ሠዓሊ ነጭ አድርጎ ስለ ሣላት መሆኑን ልብ ወለዱ ሳያውቀው ይመሰክራል። ለእኛ አገር አንባቢ ደግሞ የሚያስደንቅ ሌላ ነገር አለ። በዐሥረኛው ክፍል ለሂዳስጴስ ደስታ ሊገልጹ ከመጡት መልእክተኞች መካከል የአክሱም ሰዎች ይገኛሉ፤ ገባሮች ሳይሆኑ ወዳጆች ናቸው፤ ያመጡትም ስጦታ ቀጭኔ ነው። ሄሊዮዶሮስ ኢትዮጵያውያን የሚላቸው የሜሮዔን ሰዎች ነው፤ አክሱም በመጽሐፉ ውስጥ በጐረቤትነት ቆማ ትመለከታለች።

ከኢዮጴ እስከ ልዳ

ስፍራውም ቢሆን ሲዛወር ኖሯል። ብዙ የጥንት ጸሐፊዎች አንድሮሜዳ የታሰረችው በፍልስጥኤም ባሕር ዳር በኢዮጴ ነው ይላሉ። ዮሴፍ ወልደ ኮርዮን እየተባለ በአገራችን ሊቃውንት ዘንድ የሚታወቀው ዮሴፍ፥ በአይሁድ ጦርነት ታሪኩ የሰንሰለቷ ምልክት በዚያ ቋጥኝ ላይ ይታይ እንደ ነበር ጽፏል። ስካውሩስ የተባለ ሮማዊ ሹምም ከክርስቶስ ልደት በፊት በ58 ዓመት «የአውሬው አጥንት» የተባለ ታላቅ አፅም ከኢዮጴ አምጥቶ በሮማ ለሕዝብ አሳየ።

ከኢዮጴ ብዙ ሳይርቅ የቅዱስ ጊዮርጊስ መቃብር ያለባት ልዳ ትገኛለች፤ የሁለቱን ከተሞች ጉርብትና የሐዋርያት ሥራ ዘጠነኛው ምዕራፍ ይመሰክራል። ቅዱሱ ዘንዶ ገድሎ የንጉሥ ልጅ ያዳነበት ታሪክ ከሰማዕትነቱ ታሪክ ዘግይቶ፥ በ11ኛው መቶ ዓመት ገደማ በጽሑፍ መታየት የጀመረ ነው። ስለዚህ አንዳንድ ሊቃውንት የፔርሴዎስ ተረት በልዳ ዘንድ ክርስትና ተነሣ ይላሉ፤ ሌሎች ደግሞ ጉርብትና ብቻውን ማስረጃ አይሆንም ብለው ይቃወሟቸዋል። የሁለተኞቹ ጥንቃቄ ተገቢ ይመስለናል። ዘንዶና ልጃገረድ የሚገናኙበት ተረት በብዙ ሕዝቦች ዘንድ ስላለ፥ አንዱን ከሌላው ተቀዳ ለማለት የታሪኩ መመሳሰል አይበቃም።

በአገራችን ይህች የንጉሥ ልጅ ብሩታዊት ትባላለች፤ የብሩት ከተማ ሰው ማለት ነው። ቅዱሱ በነጭ ፈረስ ተቀምጦ ዘንዶውን ሲወጋ የሚያሳየው ሥዕል በብዙ አብያተ ክርስቲያናት ከእመቤታችን ሥዕል አጠገብ ይገኛል። የእኛ አገር ሠዓሊዎች የለወጡት ነገር አለ፤ ብሩታዊትን በዛፍ ላይ ያስቀምጧታል። በቋጥኝ የታሰረች፥ በግንድ የታሰረች፥ አሁን ደግሞ ከቅርንጫፍ ላይ ሆና ወደ ታች የምታይ ልጅ ናት። ዛፉ ከየት እንደ መጣ ለማወቅ የሚረዳው ከዚህ በታች የምንናገረው ታሪክ ነው።

አርዌና እቴዬ አዜብ

በአገራችን የነገሥታት ዝርዝር መጀመሪያ ላይ አርዌ የተባለው ዘንዶ ይቆማል። 400 ዓመት ነገሠ ይባላል፤ ሕዝቡም ከብቱንና ልጃገረዶቹን ይገብርለት ነበር። በአንዱ አነጋገር አንጋቦ የተባለ እንግዳ ሰው በመርዝ ገድሎት ነገሠ፤ ልጁም ማክዳ ከእርሱ በኋላ ወረሰች። በ20ኛው መቶ ዓመት የአዲስ አበባ ሠዓሊዎች በብዙ ትናንሽ ክፍል ከፋፍለው በሸራ ላይ ይሥሉት የነበረው የንግሥተ ሳባ ታሪክ የሚጀምረው ከዚህ ነው። በዚህ አነጋገር ግን ዳኛዋ ልጅ የለችም፤ ገዳዩ ይነግሣል፥ ልጁ ትወርሳለች።

ሁለተኛው አነጋገር ለያዝነው ነገር ይበልጥ ይጠቅማል። ጀርመናዊው ሊቅ ኤኖ ሊትማን በ1904 ዓመት በትግረ ቋንቋ ባሳተመው ጽሑፍ መሠረት፥ ለዘንዶው የመገበር ተራ የደረሳት ልጅ ራሷ እቴዬ አዜብ ናት፤ ንግሥተ ሳባ የምንላት ማለት ነው። ወላጆቿ በዛፍ ላይ አስረው ተዋት። ቅዱሳን አባቶች መጥተው ከዛፉ ጥላ ሥር ሲያርፉ እንባዋ ወረደባቸው፤ ቀና ብለው አይተው ጠየቋት፤ ዘንዶውንም በመስቀል ገደሉት። ደሙ በተረከዟ ላይ ስለ ተንጠባጠበ ተረከዟ የአህያ ሆነ። ወደ መንደሯ ብትመለስ ሰዎቹ ሸሽታ የመጣች መሰላቸውና አልተቀበሏትም። በማግስቱ የሞተውን ዘንዶ ባሳየቻቸው ጊዜ ግን በላያቸው ሾሟት። እርሷም እንደ እርሷ ያለች ልጃገረድ ሁለተኛዋ አድርጋ ሾመች፤ ኋላም ተረከዟን ለመፈወስ ወደ ሰሎሞን ሄደች።

ዘመን የሚቈጥር ሰው የክርስቲያን ቅዱሳን ከሰሎሞን በፊት እንዴት ይመጣሉ ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። ሕዝብ ተረት ሲያወርስ ዓመት አይቈጥርም፤ የሚቈጥረው የነገሩን ቅን ፍርድ ነው። ፍርዱም እነሆ፦ የዳነችው ልጅ ለአዳኞቿ ሽልማት አልሆነችም፤ አዳኞቹ መንገዳቸውን ሄዱ፤ እርሷ ወዳሰሯት ሰዎች ተመለሰች፤ በእነርሱም ላይ ነገሠች። ከኤውሪፒዴስ እስከ ሉሊ ማንም ያልሰጠው መልስ ይህ ነው። ከሄሊዮዶሮስ ጋር እንኳ ብናስተያየው፥ ካሪክሊያ ከአባቷ ጋር የታረቀችው የንጉሥ ልጅ መሆኗ ስለ ታወቀ ነው፤ እቴዬ አዜብ ግን የምታሳየው መቀነትም ምልክትም የላትም፤ ያላት የሞተ ዘንዶና የተበላሸ ተረከዝ ነው። መዳን ያለ ጠባሳ እንደማይገኝ የሚያሳይ ምልክት በግሪኮቹ ታሪክ ውስጥ አልተገኘም።

የሰላ ድንጋይ እመቤት

ተረት ሕዝብን ይገዛል ማለት ባይቻልም፥ ሕዝብ ሊያምነው የሚችለውን ነገር ያሳያል። በ19ኛው መቶ ዓመት የሸዋው ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ (ከ1813 እስከ 1847) ከአንኮበር ሲገዙ፥ እናታቸው ወይዘሮ ዘነበ ወርቅ በሰላ ድንጋይ ተቀምጠው ሰፊ ግዛት ያስተዳድሩ ነበር። በ1842 ዓመት ሚስዮናዊው ክራፕፍ ወደ ሰሜን ሲጓዝ በዚያ አልፏል፤ በእነዚያው ዓመታት ከቦምቤይ መንግሥት ተልኮ ወደ ሸዋ የመጣው ካፒቴን ሃሪስም ስማቸውን በመጽሐፉ ጠቅሷል። ሃሪስ በ1844 ዓመት ያሳተመውን መጽሐፍ ሲሰይመው የኢትዮጵያን ስም በጥንታዊው የላቲን አጻጻፍ ጻፈው። በዚያ ስም አውሮፓ የምታውቃት ሴት በቋጥኝ ታስራ አዳኝ የምትጠብቅ ነበረች፤ መንገደኞቹ ግን በሰላ ድንጋይ ያገኙት ሴት የምታዝዝበትን ቤት ነው።

በመንዝና በተጉለት ከፍታ የሚኖር ገበሬ በዚህ አልተደነቀም ብንል ከእውነት አንርቅም። በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ብሩታዊትን፥ በአባቶቹ ወሬ ማክዳን የሚያውቅ ሰው፥ ሴት ልጅ ከመከራ ወጥታ ስትገዛ መስማት ለጆሮው እንግዳ አይደለም። ይህ ማለት በአገራችን ሴት አልተበደለችም ማለት አይደለም፤ ተረቱ ራሱ የሚጀምረው ወላጆች ልጃቸውን ሲያስሩ ነውና።

ለመድረክ የቀረው

የዛፉ ነገር በዘመናችን ቴያትርም ተመልሶ መጥቷል። ጸጋዬ ገብረ መድኅን በ1965 ዓመት በእንግሊዝኛ ባሳተመው የኦዳ ዛፍ ትራዤዲ፥ ከዛፉ ሥር የሚሰማው የትንቢት ቃል ከአዲስ ሙሽሮች የሚወለደው የበኵር ልጅ ለአባቶች መንፈስ እንዲሠዋ ያዝዛል፤ ሙሽራው ሻንካም ልጅ እንዳይወለድ ከሚስቱ ከኡኩቴ ይርቃል። በዚህ ድርሰት የሚታይ ገመድ የለም፤ የሚያስረው ቃሉ ነው። የባዕዳንን ትምህርት የቀሰመው ጓደኛ ጎዓም ፔርሴዎስ ሊሆን አልቻለም። ጸጋዬ ከግሪኮቹ የወሰደው የታሪኩን ልብስ ሳይሆን ጭካኔውን ስለ ሆነ ድርሰቱ የውሰት አይመስልም፤ ብርታቱም ይኸው ነው።

ለአማርኛ መድረክ የሚቀረው ግን ሌላ ሥራ ነው። ኤውሪፒዴስን ተርጉሞ ለአንድሮሜዳ የሐበሻ ቀሚስ ማልበስ ቀላል ነው፤ ጥቅሙም እንደዚያው ቀላል ነው። ከባዱ ሥራ ግሪኩ ትቶት ካለፈው ስፍራ መጀመር ነው። ያ ስፍራ እቴዬ አዜብ ከዛፉ ወርዳ፥ በተረከዟ እያነከሰች ወደ መንደሯ ደጃፍ የደረሰችበት ሌሊት ነው። በውስጥ ያሉት አሳልፈው የሰጧት ወላጆቿ ናቸው፤ በሩን አይከፍቱላትም፤ ድና መጣች ሳይሆን ሸሽታ አስፈጀችን ብለው ይፈራሉ። ሲነጋ ደግሞ ይገዙላታል። በዚያ ሌሊትና በዚያ ጧት መካከል ልጅቱ ለአባቷና ለእናቷ የምትናገረው ቃል ምንድን ነው? ይቅርታ ነውን? ፍርድ ነውን? ወይስ ሁለቱም? ተረቱ ይህን አይነግረንም፤ ባለ ቴያትር የሚያስፈልገውም ተረት ዝም በሚልበት በዚህ ስፍራ ነው።